የጎደለችው ክር

ኮምቦልቻ ሌሊት ነው፣ ቦርከና ዝም ብሏል፤
የሽመናው ክፍል ግን ጥርሱን ያፋጫል።
ስድስት ማሽን አለኝ፣ ሦስቱ በቀኝ በኩል፣
ሦስቱ ደግሞ በግራ፣ እኔ በመካከል።
አምስቱ ክር ሲበጠስ በራሳቸው ይቆማሉ፤
አራተኛዋ አሮጊት ናት፣ "ዓይን ይጠብቃት" ይላሉ።

በሻሼ ሸፋፍኜ አንድ ጆሮ ደፍኜ፣
ተማሪም ሸማኔም ባንድ ሌሊት ሆኜ፣
"ዴቢት በግራ ይግባ፣ ክሬዲት በቀኙ"
ይላል መምህራችን፣ ማሽኖቹ ሲቀኙ።
ኪሴ ውስጥ ስልኬ አለ፤ ይነዝራል ደጋግሞ፦
ወንድሜ ኑሪ ነው፣ ደሴ ፒያሳ ቆሞ፣
"የቤት ኪራይ ደረሰ፣ ከፈልሽ ወይ?" ይለኛል፤
አንድ እጄ ክር ይቋጥራል፣ አንዱ ይጽፍለታል።

(እዚህ ድምፅ አይሰማም፤ ከንፈር ነው የሚነበብ።)
ጦይባ ከማዶ ሆና ታየኝና ትስቃለች፣
"አንቺስ አራት ሰው ነሽ!" በከንፈሯ ትላለች።
ኮራሁ፣ ወላሂ ኮራሁ። አራት ሰው መሆኔ፣
ደሞዙ ያንድ ቢሆንም፣ ሞቀኝ እስከ ጎኔ።

ጋሽ ይመር ሙሄ ግን፣ የፈረቃው አለቃ፣
ቁጡ ሰው አይደለም፤ ሲነጋ፣ ሥራ ሲያበቃ፣
"ነይማ" ብሎ ወሰደኝ ጨርቅ መመርመሪያው ጋ፣
ከሥሩ መብራት ባለው መስታወት ላይ ዘረጋ።
ከአራተኛዋ የወጣ ነው፣ ነጭ አቡጀዴ።
አየሁት፤ ምንም የለው። ደግሜ ሳየው፦ እንዴ!
አንዲት ክር ጎድላለች፣ ከሩቅ የማትለይ፣
ሠላሳ ሁለት ሜትር ስትሄድ ማንም ሳያይ።

እሱ ምንም አላለም፤ እኔው አነበብኩት፣
የገዛ ሌሊቴን ጨርቁ ላይ አገኘሁት፦
እዚህ ጋ ኑሪ ጻፈ፤ እዚህ ጋ ጦይባ ሳቀች፣
እዚህ ጋ "አራት ሰው" ተብዬ ነፍሴ በኩራት ረካች፤
ማሽኗ ስትጣራ፣ እነዚያ አራት ሰዎች
"አንዷ ትሄዳለች" ተባባሉ፤ አንዷም አልሄደች።

ቅዳሜ ፈተና ነው። ጥያቄውን አውቀዋለሁ፣
ሦስት ሌሊት ሰምቼዋለሁ። እስክሪብቶዬን አነሣሁ፤
በጆሮዬ የመጣው ግን ጠቃ-ጠቃ፣ ጠቃ-ጠቃ፤
መልሱ ከማሽኖቹ ጋር ቀርቷል፣ ሌሊት ፈረቃ።

ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም፣
የሚለው ተረት ይመጣል ስል፣ ከጋሽ ይመር አፍ አልወጣም።
"አንተስ፣ ጋሼ፣ በጎልማሳነትህ አሥራ ሁለት ማሽን ይዘህ
ነበር ይሉኛል፤ ያ ሁሉ ዓይን ከየት መጥቶልህ?"
ሳቀ። የጥጥ ብናኝ ከቅንድቡ ረገፈ፤
"አሥራ ሁለት ይዤ አላውቅም" አለኝ፣ ኮፍያውን እያራገፈ፤
"አንድ ነው የያዝኩት። አንድ፣ ቀጥሎ አንድ፣ ቀጥሎ አንድ።
ፊቴ ያለችው እስክትለቀኝ የለኝም ሌላ መንገድ።
ጆሮሽን ለሁሉም ክፈችው፤ ልብ ግን መወርወሪያ ናት፣
አንድ ጊዜ በሁለቱም ዳር ተገኝታ ማን አያት?"

"አብሽሪ" ብሎኝ ሄደ። ለእኔ ግን አልተዋጠልኝም፤
ኪራይ ተራ አይጠብቅም፣ ፈተናም አይጠብቀኝም።
ልብ አንድ ከሆነች፣ ሌሊትም አንድ ከሆነ፣
ኑሮ ለምን አራቱን ባንድ ትከሻ ጫነ?
ይህን አልጠየቅኩትም።

የተበላሸው ጨርቅ ለሠራተኛ በቅናሽ ሲወጣ፣
ሦስት ሜትር ገዛሁለት ለመስኮቴ፣ መጋረጃ ላጣ።
ጠዋት ፀሐይ ስትመጣ፣ በጎደለችው ክር ቦታ
ቀጭን ብርሃን ትገባለች፣ ትወርዳለች በቀስታ፣
ደብተሬ ላይ ታርፋለች፣ ከአንዱ መስመር ወደ አንዱ፤
ለድጋሚው ፈተና እሷን ተከትዬ አነባለሁ፣ ይቆየኝ የሌላው ጉዱ።

ጓዳ፣ ከሹራቤ ሥር፣ ስልኬ ይነዝራል። ኑሪ ነው።
ይህቺን መስመር ልጨርሳት። ከዚያ ነው።